ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ይፈላል፤ ሻያችሁን በምን ትዳኙታላችሁ?

የሻይ ቅጠል ፓኬት ጀርባ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ከውጭ በሚገቡት ላይ ብዙ ጊዜ «100 ዲግሪ በደረሰ ውሃ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ዘፍዝፉ» የሚል ዓይነት መመሪያ ይገኛል። ጎንደር ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ይህን መመሪያ መፈጸም አትችሉም። ከሰሉን ብትጨምሩ፣ ምድጃውን እስከ መጨረሻው ብትለቁት፣ በራዱ ውስጥ ያለው ውሃ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይፈላና እዚያው ይቆማል። ደባርቅ ያለች ዘመዳችሁ ዘንድ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል።

ታዲያ አዲስ የሻይ ቅጠል ገዝታችሁ ቀምሳችሁ «ይሄ ሻይ ቀጭን ነው፣ ለዛ የለውም» ብትሉ ጥፋቱ የማን ነው? ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ቅጠሉ፣ ውሃውና የራሳችሁ ምላስ። ብዙዎቻችን ሌሎቹን ሁለቱን ሳንመረምር በቅጠሉ ላይ እንፈርዳለን። ይህ ጽሑፍ በወጥ ቤት ዕቃ ብቻ ሦስቱንም እንዴት ለይታችሁ እንደምትመረምሩ ያሳያችኋል።

አንደኛው ተጠርጣሪ፦ ውሃው

ውሃ የሚፈላው «መቶ» የምትባል አስማተኛ ቁጥር ላይ ስለደረሰ አይደለም። የሚፈላው ውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መቋቋም ሲችል ነው። አየር ክብደት አለው። ከባሕር ጠለል ከፍ ባላችሁ ቁጥር ከላያችሁ የሚቀረው አየር እያነሰ፣ ጫናውም እየቀነሰ ይሄዳል። ጎንደር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እንፋሎቱ ብዙ መታገል አያስፈልገውም፤ ውሃውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል።

ለማስታወስ የሚቀል ግምታዊ ሕግ አለ፦ ወደ ላይ 300 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር የመፍላያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት የአካባቢያችን ካርታ ይህን ይመስላል።

- መተማ (ወደ 700 ሜትር)፦ 98 ዲግሪ ገደማ
- ጎንደር (ከ2,100 እስከ 2,200 ሜትር)፦ 93 ዲግሪ ገደማ
- ደባርቅ (ወደ 2,850 ሜትር)፦ ከ90 እስከ 91 ዲግሪ
- ስሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ (ወደ 3,600 ሜትር)፦ 88 ዲግሪ ገደማ
- ራስ ዳሽን ጫፍ (ከ4,500 ሜትር በላይ)፦ 85 ዲግሪ ገደማ

ደባርቅ ላይ የባቄላ ንፍሮ እሳት ላይ ብዙ የሚቆየው ለዚህ ነው። ቻርልስ ዳርዊንም እ.ኤ.አ. በ1835 የአንዲስን ተራሮች ሲሻገር ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል፦ ድንቹ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ አድሮ ጠዋትም አልበሰለም፤ ባልደረቦቹም ጥፋቱን በአዲሱ ድስት ላይ አሳበቡ። እነሱ በድስቱ እንደፈረዱ እኛም በሻይ ቅጠሉ እንፈርዳለን።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንያዝ። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ሙቀቱን አይጨምርም። የሚጨምረው ወደ እንፋሎት የሚለወጠውን ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚንተከተክ በራድ ሥር ከሰል መጨመር ከሰል ማባከን ነው።

የምግብ ወይም የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ነገሩን ራሳችሁ ለኩት። (የትኩሳት መለኪያ በፍጹም አትጠቀሙ፤ ይሰበራል፣ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ደግሞ መርዝ ነው።) ከ100 ላይ ያነበባችሁትን ቁጥር ቀንሳችሁ በ300 ብታባዙ የቆማችሁበትን ከፍታ በግምት ታገኛላችሁ። 93 ካነበባችሁ ልዩነቱ 7 ነው፤ 7 ሲባዛ በ300፣ 2,100 ሜትር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች የተራራ ከፍታ ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ፦ ቅጠሉ

ጥቁር ሻይና አረንጓዴ ሻይ ሁለት ተክል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም የሚገኙት ካሜሊያ ሳይነንሲስ ከሚባለው አንድ ተክል ነው። የአገራችን የታወቁ እርሻዎች፣ ከቦንጋ ከተማ አጠገብ ያለው ውሽውሽና በኢሉባቦር ጎሬ አካባቢ ያለው ጉማሮ፣ የሚያመርቱት ይህንኑ ተክል ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከተለቀመ በኋላ ነው። ቅጠሉ ሲቀጠቀጥ ውስጡ ያለ ኢንዛይም ከኦክሲጅን ጋር ይገናኝና ፖሊፊኖል የሚባሉትን ውህዶች መለወጥ ይጀምራል። የተቆረጠ ፖም ወይም የተላጠ ድንች ቆይቶ ሲጠቁር አይታችሁ የለ? ያው ነገር ነው። ሂደቱ እስከ መጨረሻው ከሄደ ጥቁር ሻይ ይሆናል። ገና ከመጀመሩ በሙቀት ከቆመ ደግሞ አረንጓዴ ሻይ።

እኛ ዘንድ በየሱቁ የሚሸጠው አብዛኛው ጥቁር ሻይ ተፈጭቶና ተጠቅልሎ እንደ ጥራጥሬ የደቀቀ ነው። ሌላው ዓይነት ረጅም፣ የተጠማዘዘ ቅጠል ነው። ደቃቁ ውሃ የሚነካው ገጹ ሰፊ ስለሆነ ቀለሙንና ምሬቱን በፍጥነት ይለቃል። ረጅሙ ቀስ ይላል። ስለዚህ ሁለቱን እኩል ሁለት ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ «ረጅሙ ቅጠል ደካማ ነው» ብትሉ ያወዳደራችሁት ጣዕማቸውን ሳይሆን ፍጥነታቸውን ነው።

ከዚህ ውጭ «ሻይ» ብለን የምንጠጣቸው፣ ከሻይ ተክል ጋር ግን ዝምድና የሌላቸው አሉ። በስሜን ደጋ የሚበቅለው ጦስኝ ዋነኛው ነው። ጦስኝ ካፌይን የለውም። ሽታውን የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ በቀላሉ የሚተኑ ዘይቶች ናቸው። በሻያችን የምንጨምረው ቅርንፉድ የራሱ ዩጂኖል፣ ቀረፋም የራሱ ሲናማልዴሃይድ አለው። የእነዚህ ሁሉ የጋራ ባሕርይ ከእንፋሎት ጋር መሄዳቸው ነው። ጦስኝ ያለ ክዳን ሲንተከተክ ቤቱ በሽታው ቢታወድ ደስ ይላል፤ ግን የሸተታችሁ ከበራዱ ያመለጠው ነው። ስለዚህ ክዳን ክደኑ።

ለሙከራው ጦስኝ የምትፈልጉ ከቅዳሜ ገበያ ወይም ከደባርቅ ገበያ ግዙ። በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ የበቀለውን ለተራራው ተዉለት።

ፍርዱ እኩል እንዲሆን

ሻይን ለማወዳደር ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ቁጥሩ አይ.ኤስ.ኦ. 3103 ይባላል። የተነሣበት የብሪታኒያ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 «መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ» ለሆነ ሥራ የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል የቀልድ ሽልማት አግኝቷል፤ ሻይ እንዴት ይፈላል ለማለት ስድስት ገጽ መጻፉ ሰዎችን አስቋቸው ነበር። ግን ደረጃው የሚጣፍጥ ሻይ ማፍላት አያስተምርም። ዓላማው ሁሉም ቀማሽ ሻዩን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያፈላ ነው። ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች እነሆ፦ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ ተከድኖ 6 ደቂቃ።

ሚዛን የለንም ካላችሁ መላ አለ። 100 ግራም የሚለው ፓኬት ስንት የተላገ የሻይ ማንኪያ እንደሚወጣው ቁጠሩ። 45 ማንኪያ ከወጣው፣ አንዱ ማንኪያ 2.2 ግራም ነው ማለት ነው። ይህን ለእያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው አድርጉ፤ ያበጠ ረጅም ቅጠል አንድ ማንኪያው ከደቃቁ በጣም ይቀላልና። ለስድስት ደቂቃው ስልካችሁ ይበቃል።

ለመጀመሪያው ቀን ሦስት ዓይነት ብቻ ያዙ፦ አንድ የምታውቁት ጥቁር ሻይ፣ አንድ የማታውቁት ጥቁር ሻይ፣ አንድ አረንጓዴ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ብርጭቆዎቹን በሞቀ ውሃ አለቅልቁ። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከውሃው ብዙ ዲግሪ ይሰርቃል፤ ጎንደር ላይ ደግሞ የሚሰረቅ ትርፍ ዲግሪ የለንም።
2. ሁሉንም በአንድ ዓይነት ውሃ አፍሉ። ዛሬ የቧንቧ ነገ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ውድድሩ ተበላሸ። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ መሰል ነገር ያንሳፍፋል።
3. ውሃው በደንብ እየተንተከተከ ሳለ አፍሱና ወዲያው በሲኒ ማስቀመጫ ክደኑ።
4. ስድስት ደቂቃ ሲሞላ በማጥለያ አጥልሉ። ስኳር፣ ቅመም፣ ሎሚ የለም፤ ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት አሲዱ ቀለሙን ራሱን ያነጣዋል።
5. በረድ እስኪል ጠብቁ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ተብለው ከሚጠረጠሩት ምድብ አስገብቶታል። የተቃጠለ ምላስም መልካም ዳኛ አይሆንም።

አረንጓዴው ሻይ ምናልባት በጣም መሮ ታገኙት ይሆናል። ብዙ አረንጓዴ ሻይ የሚፈልገው 80 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ 82 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ 18 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ቀላቅላችሁ ሞክሩትና ልዩነቱን ጻፉ።

ደባርቅን ጎንደር ማምጣት

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። የከፍታው ልዩነት በጣዕሙ ላይ የሚታወቅ ለውጥ ያመጣል ወይ? ሁለት ዲግሪ ተኩል ተራራ ሳትወጡ መቀነስ ይቻላል። ቀዝቃዛው ውሃ 20 ዲግሪ ገደማ ከሆነ፣ 96 ሚሊ ሊትር የጎንደር የፈላ ውሃ ላይ 4 ሚሊ ሊትር ብትጨምሩ ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል፤ ይህ የደባርቅ የፈላ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። 7 ሚሊ ሊትር ከሆነ ደግሞ 93 ሚሊ ሊትር ላይ፣ 88 ገደማ፦ ጨነቅ ደረሳችሁ። መርፌ የሌለው የመድኃኒት መስጫ ሲሪንጅ 4 ሚሊ ሊትር በትክክል ይለካላችኋል። ቅጠሉ ያው፣ ደቂቃው ያው፣ የውሃው መጠን ያው፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ሳይንቲስቶች «አንድ ነገር ብቻ ለውጥ» የሚሉት ይህን ነው።

ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ከቅጠሉ የሚወጣው ነገር በዝግታ ይወጣል። በጎንደርና በደባርቅ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትንሽ ነው፤ ምላሳችሁ ለይቶት ይሆናል ወይም አይሆንም። ከለየው መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። ደግሞስ እናቶቻችን ሻይ ቅጠሉን በራድ ውስጥ ከውሃው ጋር የሚያንተከትኩት ለምን ይመስላችኋል? ብርጭቆ ውስጥ የተዘፈዘፈ ሻይ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። እሳት ላይ ያለ በራድ ግን ከፍታው የፈቀደለትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ለደጋ አገር የሚስማማ ዘዴ ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ፦ ምላሳችሁ

ውድ መሆኑን እያወቃችሁ የቀመሳችሁት ሻይ ይጣፍጣል። ጠቆር ያለው «ጠንካራ» ይመስላል። ይህ ውሸታምነት አይደለም፤ አእምሮ ዓይን ያየውንና ጆሮ የሰማውን ከጣዕሙ ጋር ስለሚደባልቅ ነው። ታዲያ እውነተኛውን ልዩነት እንዴት እናውቃለን?

ለዚህ ጥያቄ በሳይንስ ታሪክ ታዋቂ የሆነ መልስ የመጣው ከሻይ ስኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ የውሃ ሽበት (አልጌ) ተመራማሪዋ ሙሪየል ብሪስቶል ወተት ቀድሞ የተቀዳበትንና ሻይ ቀድሞ የተቀዳበትን ስኒ በጣዕም እለያለሁ አለች። ባልደረባዋ ሮናልድ ፊሸር፣ ስታቲስቲክስ አዋቂው፣ እንፈትነው አለ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው የሙከራ ንድፍ መጽሐፉ ፈተናውን እንዲህ አድርጎ አስረዳ፦ ስምንት ስኒ ይቀርባል፤ አራቱ በአንዱ መንገድ፣ አራቱ በሌላው፣ ቅደም ተከተሉ በዕጣ። ቀማሿ አራቱን መርጣ ማውጣት አለባት።

ከስምንት ስኒ አራት የሚመረጥባቸው መንገዶች 70 ናቸው። ስለዚህ ምንም የማያውቅ ሰው በግምት ብቻ ሁሉንም የመለየት ዕድሉ ከ70 አንድ ነው። ሁሉንም የለየ ሰው «በዕድል ነው» ለማለት ይከብዳል። አራት መርጦ አንዱን ብቻ የሳተስ? ሦስት ወይም ከዚያ በላይ በዕድል የማግኘት ዕድል ከ70 አሥራ ሰባት ነው፤ ከአራት ሰው አንዱ ዝም ብሎ ገምቶ ያገኘዋል ማለት ይቻላል። «አብዛኛውን ለይቻለሁ» ማለት የሚመስለውን ያህል ማስረጃ አይደለም።

ቤታችሁ የቡና ሲኒ አለ አይደል? እንግዲህ ፈተናው የእናንተ ነው። ሁለት ሻይ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በ6 ግራም ቅጠል አፍሉ። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ እናንተ በሌላችሁበት ስምንት ሲኒ ይቅዱ፤ ከእያንዳንዱ አራት አራት፣ ቅደም ተከተሉን ዕጣ አውጥተው፣ መልሱን ወረቀት ላይ ጽፈው ይደብቁ። ቀለሙ እንዳያጋልጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቅመሱ። በየመካከሉ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ። መልሳችሁን ሳትጽፉ ወረቀቱ አይከፈት።

በዚህ ፈተና ውዱን ከርካሹ መለየት ካልቻላችሁ ለቤታችሁ ትልቅ ዜና ነው፦ ልዩነቱ ያለው ፓኬቱ ላይ እንጂ ሲኒው ውስጥ አይደለም፤ ቢያንስ ለእናንተ ምላስ።

ያያችሁትን በአማርኛ ጻፉት

ከለያችሁ ደግሞ ምኑን እንደለያችሁ መጻፍ ያስፈልጋል። «አሪፍ ነው» ማለት ለሚቀጥለው አንባቢ ምንም አይነግረውም። አማርኛ ለዚህ አያንስም። ሦስት ነገሮችን ለየብቻ አስተውሉ።

ምሬት፦ ጌሾ ስታኝኩ ምላስ ላይ የምታገኙት። ሻይ ላይ ካፌይን አንዱ ምንጩ ነው።

አፍ መያዝ፦ ያልበሰለ ሙዝ ስትገምጡ አፋችሁ ይደርቃል፣ ምላሳችሁ ይሻክራል። ይህ ጣዕም ሳይሆን ስሜት ነው። የሻዩ ፖሊፊኖል በምራቃችሁ ውስጥ ካለው አለስላሽ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው ከምሬት ጋር ያደባልቀዋል።

ቃና፦ ጠላ ሲመሰገን የምንጠራው ቃል። አፍንጫችሁን ይዛችሁ አንድ ጊዜ ጎንጨት በሉ፤ ከዚያ ልቀቁት። በድንገት የመጣው ቃናው ነው፤ የመጣውም ከምላስ ሳይሆን ከአፍ በኋላ በኩል ወደ አፍንጫ ከሚወጣው ሽታ ነው። የጦስኝና የቅርንፉድ ሻይ አፍንጫ ሲያዝ ባዶ ውሃ ይመስላል።

ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ ስጡ፤ አጠገቡም የቅጠሉን ስም፣ ግራሙን፣ የውሃውን ዓይነት፣ ደቂቃውንና የፈላበትን ከተማ ጻፉ። የመጨረሻውን እንዳትረሱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስምንት ሲኒ እስከ መጨረሻው አትጠጡ፤ ካፌይኑ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ጎንጨት ብሎ መትፋት የሻይ ቀማሾች ሁሉ ልማድ ነው። ደግሞም ሙከራውን ከምግብ ጋር አታድርጉት። አፍ የሚይዘው ፖሊፊኖል ሆድ ውስጥም በጤፍ፣ በምስርና በሽሮ ያለውን ብረት ይይዝና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ይህ በተለይ የደም ማነስ ላለባቸውና ለወጣት ሴቶች ቀላል ነገር አይደለም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ሻይ መተው አያስፈልግም።

አሁን አንድ የቀረ ነገር አለ። የቀዘቀዘ የጎንደር ውሃ የደባርቅ ውሃ ምትክ ነው እንጂ ደባርቅ አይደለም። ወደ ላይ ደግሞ መሄድ አንችልም፤ ጎንደር ላይ በተራ በራድ የመተማን 98 ዲግሪ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ዘመድ ወይም ጓደኛ ደባርቅና መተማ ያላችሁ፣ ከአንድ ፓኬት ሦስት ቦታ ተካፈሉ። ሦስታችሁም 2 ግራም፣ 100 ሚሊ ሊትር፣ 6 ደቂቃ አድርጋችሁ ነጥባችሁን እርስ በርስ ሳትነጋገሩ ጻፉ፤ ከዚያ በስልክ ተለዋወጡ። የውሃው ዓይነት እንዳይለያይ አንድ ስም ያለው የታሸገ ውሃ ብትጠቀሙ ይበልጥ ጥሩ ነው። ነጥቦቹ ከመተማ ወደ ደባርቅ በተርታ ከወረዱ ተጠርጣሪው ውሃው ነው። ካልወረዱ ደግሞ ቅጠሉንና ምላሳችሁን እንደገና መርምሩ።